ጣሊያን ላይ የት እንደር? ትልልቆቹ ከተሞችና ትንንሾቹ ጎረቤቶቻቸው

ጣሊያን ሊሄድ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ልይ?» ብሎ ነው። ለዚህ መልስ ሞልቷል። ኮሎሲየም አለ፣ የዳዊት ሐውልት አለ፣ ጎንዶላ የሚባለው የቬኒስ ጀልባ አለ። ጉዞውን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ግን «የት ልደር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህንን ብዙ ሰው በዋጋ ብቻ ወስኖ ያልፈዋል።

እነዚህ ጥንታዊ ከተሞች በቀን አንድ ዓይነት፣ በማታ ሌላ ዓይነት ናቸው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ማምሻው 12 ሰዓት መንገዱ የጎብኚ ነው። ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ከፊት፣ ሠላሳ አርባ ሰው ከኋላ። ከዚያ በፊትና በኋላ ግን ሱቁ ይከፈታል፣ አሮጊቶች በር ላይ ቆመው ያወራሉ፣ ልጆች በካቴድራሉ ግድግዳ ላይ ኳስ ይለጋሉ። ይህን የሚያየው እዚያው ያደረ ሰው ነው። ባቡሩ ጥሩ ስለሆነ ደግሞ አንዱ ጋ አድሮ ሌላውን በቀን ማየት ይቻላል። ስለዚህ ከተሞቹን ከትንንሽ ጎረቤቶቻቸው ጋር እያጣመርኩ አነጻጽራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሮም ወይስ ኦርቪዬቶ?

ሮም ላይ ክርክር የለኝም፤ እዚያው እደሩ። ከተማዋ ሰፊ ናት፣ የሚታየውም የተበታተነ ነው። ከሌላ ቦታ በቀን እየተመላለሱ ሮምን ማየት ራስን ማድከም ነው። ደግሞም ሮም ሲመሽ በእግር የምትታይ ከተማ ናት። በ80 ዓ.ም. የተመረቀው ኮሎሲየም መንገድ ዳር ነው የቆመው። ማታ መብራቱ ሲበራ ከውጭ አይቼው ይበቃኛል የሚል ሰው ቢኖር አልቃወመውም። ውስጡ በቀን ፀሐይና ሰልፍ ነው።

የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የነበረው ፓንቴዮን ግን ውስጡ መታየት አለበት። ከ2023 ጀምሮ መግቢያ ያስከፍላል፤ ሲጀመር 5 ዩሮ ነበር። ጉልላቱ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ነው፣ ከጎን እስከ ጎን ስፋቱ 43 ሜትር ገደማ፣ ዕድሜው 1,900 ዓመት ያህል። አናቱ ክፍት ነው። ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ ይዘንባል፣ ወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎችም ይወርዳል። ለሕንፃ ግድ የሌለው ሰው እንኳ ቀና ብሎ ይቀራል።

እኛ ስንሄድ ሮም ሌላም ጉዳይ አላት። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ የምትቆሙበት ትልቅ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸውም ከዚያው ቅርብ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፈዋል። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው ደግሞ ቺርኮ ማሲሞ ከሚባለው የጥንት ሰረገላ መወዳደሪያ ሜዳ አጠገብ፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ነው። በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያ ተቀምጠው ነው በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በሮም ያሳተሙት። ቦታው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ከመንገድ ዝም ብሎ አይገባበትም። እንጀራ ላማረው ደግሞ በቴርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም።

ኦርቪዬቶ ከሮም በተራ ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ መንገድ ነው። ከተማዋ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጣቢያው ወደ ላይ በገመድ የሚሳብ ባቡር ያወጣችኋል። በ1290 የተጀመረው ካቴድራሏ ፊቱ ከላይ እስከ ታች በሞዛይክና በቅርጽ የተሞላ ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የውሃ ጉድጓዷ ነው። በ1527 ሮም ስትዘረፍ ጳጳሱ ክሌመንት ሰባተኛ ወደዚህች ከተማ ሸሹ። ከተማዋ ብትከበብ ውሃ እንዳታጣ ብለው 53 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ። በውስጡ ሁለት ጠመዝማዛ መንገዶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 248 ደረጃ ያላቸው፣ ታች ውሃው ጋ ካልሆነ በቀር የማይገናኙ። ውሃ ሊቀዳ የሚወርድ በቅሎ ቀድቶ ከሚወጣው ጋር አይጋጭም።

ኦርቪዬቶ ማደር ያለበት ማነው? ሮምን ከዚህ በፊት ያየ ሰው፣ ወይም ከሮም ወደ ፍሎረንስ እየሄደ መንገዱን ለሁለት መክፈል የፈለገ። ለቀረው የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይበቃል። በፎቶ የምትታወቀው ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ ቅርብ ናት፤ በእግር ብቻ በሚኬድበት ድልድይ የምትገቡባት፣ መግቢያ የምታስከፍል መንደር። ከማዶ ስትታይ ታምራለች። ውስጧ ግን የቀረው ነዋሪ በጣት የሚቆጠር ነው፤ የተረፈው ሱቅና ምግብ ቤት ነው። ጊዜ ካጠረ ይህችን ዝለሉ።

ፍሎረንስ፣ ሲዬና ወይስ ሉካ?

እዚህ ላይ ነው እኔ ከብዙ መንገደኛ የምለየው። ፍሎረንስን በቀን እዩአት፣ ሌላ ቦታ እደሩ።

ፍሎረንስ ታላቅ ከተማ አይደለችም ለማለት አይደለም። ብሩኔሌስኪ ለካቴድራሉ የሠራው ጉልላት በ1436 ተጠናቆ እስካሁን ከተማውን ሁሉ ይገዛል። 463 ደረጃ አለው፣ ሊፍት የለውም። የሚኬላንጄሎ ዳዊት ከአምስት ሜትር በላይ ቁመት አለው። አደባባዩ ላይ የምታዩት ቅጂ ነው፤ ዋናው ከ1873 ጀምሮ አካዴሚያ በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ነው። አካዴሚያም፣ ሌላው ትልቅ ሙዚየም ኡፊዚም ሰኞ ዝግ ናቸው። ሁለቱንም አስቀድሞ በኢንተርኔት ቲኬት ሳይቆርጡ መሄድ ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ ማሳለፍ ነው። ችግሩ ጥበቡ ሁሉ በጠባብ መንገዶች መካከል መታጨቁ ነው። መሐል ከተማው በአብዛኛው ለእንግዳ የተዘጋጀ ነው፤ ማታም ቢሆን የሚሰማው የሻንጣ ጎማ ድምፅ ነው። የአልጋ ዋጋውም አይቀመስም።

በቀን ስትሄዱ ግን ሳንታ ማሪያ ኖቬላን አትለፉ። ባቡር ጣቢያው ስሙን የወሰደው ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መንገዱን ተሻግራችሁ ትገባላችሁ። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ደርሰው በታላቁ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በጳጳሱ ፊት ቆመዋል። ጳጳሱ ያኔ ያረፉት በዚህ ገዳም ነበር።

ማደሪያ ብዬ የምመርጠው ሲዬናን ነው። ከፍሎረንስ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ባቡርም አለ፣ ግን አውቶቡሱ ይሻላል። ባቡር ጣቢያው ከኮረብታው ሥር ስለሆነ ገና በኤስካሌተር ሽቅብ ትወጣላችሁ፤ አውቶቡሱ አሮጌው ከተማ አፍ ላይ ያወርዳችኋል።

ሲዬናን ለመውደድ ታሪኳን ማወቅ ይረዳል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከፍሎረንስ ጋር እኩል የምትፎካከር ሀብታም ከተማ ነበረች። በ1339 ካቴድራላችን ይነስብናል ብላ ልታሰፋው ተነሳች። ዕቅዱ ያለው ቤተ ክርስቲያን የአዲሱ አንድ ክንፍ ብቻ እስኪሆን ድረስ ትልቅ ነበር። በ1348 ጥቁሩ ሞት መጣ። ሕዝቡ አለቀ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ ሥራውም ቆመ። የታሰበው ካቴድራል የፊት ግድግዳ ዛሬም ጣሪያ አልባ ሆኖ እንደቆመ ነው። አናቱ ድረስ መውጣት ይቻላል። ከዚያ ላይ ሆኖ ከተማውን ማየት ከማዘጋጃ ቤቱ ማማ፣ ከማንጃ ግንብ ይልቅ ደስ ይለኛል፤ ሰልፉም ያንሳል። በ1555 ፍሎረንስ ሲዬናን አሸንፋ ያዘቻት። ከዚያ በኋላ የሚያፈርስም የሚያድስም ሀብት ስላልነበረ ከተማዋ እንደነበረች ቀረች። ድህነት ያስቀረው ውበት ነው የምታዩት።

መሐሉ ካምፖ ነው። ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ፣ በዘጠኝ የተከፈለ የጡብ አደባባይ ነው። ዘጠኙ ክፍል ከተማዋን ያስተዳድሩ ለነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ነው። አግዳሚ ወንበር አያስፈልግም፤ ሁሉም ጡቡ ላይ ዘፍ ይላል። ዙሪያውን ያሉት ካፌዎች ለመቀመጫው ነው የሚያስከፍሉት፤ ቡናችሁን ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡና መጥታችሁ በነጻ ተቀመጡ።

ከተማዋ በ17 ሰፈሮች የተከፈለች ናት፤ ኮንትራዳ ይባላሉ። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ባንዲራ፣ ቤተ ክርስቲያንና ሙዚየም አለው፤ አብዛኞቹ ባላንጣም አላቸው። በሰኔ መጨረሻ፣ በፈረንጁ ጁላይ 2፣ ቀጥሎም ኦገስት 16፣ በካምፖ ዙሪያ ፓሊዮ የሚባለው የፈረስ ግልቢያ ይካሄዳል። ከ17ቱ ሰፈሮች አሥሩ ይወዳደራሉ፣ ያለ ኮርቻ ሦስት ዙር። ውድድሩ ራሱ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ መሐል ሜዳው ላይ ቆሞ ለማየት ክፍያ የለም። ግን ለአንድ ደቂቃ ተኩል ብላችሁ ሰዓታት በፀሐይ ትቆማላችሁ፣ ሽንት ቤት የለም፣ መውጣትም ይከብዳል። ልጅ ይዞ አይሞከርም። በእነዚያ ቀናት የሆቴል ዋጋም ሌላ ነው። ፓሊዮን ብላችሁ ካልሄዳችሁ ቀኖቹን ሽሹ፤ ሜይና ሴፕቴምበር ይሻላሉ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሲዬና ዳገትና ቁልቁለት ናት። እናታችሁን ወይም ጉልበቱ የደከመ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ሉካ ሂዱ።

ሉካ ሜዳ ናት። ዙሪያዋን ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ግንብ ከቧታል፤ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ አንድም ቦታ ያልፈረሰ። ግንቡ ሰፊ ነው፣ ላዩ ላይ ዛፍ ተተክሎበታል። ሰው ይሮጥበታል፣ ጋሪ ይገፋበታል፣ ብስክሌት ተከራይቶ ይዞርበታል። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ከቶስካና፣ ማለትም ፍሎረንስና ሲዬናም ካሉበት ክፍለ አገር፣ ከተሞች ሁሉ ይህችን ሲወዱ አይቻለሁ። አናቱ ላይ የባሉጥ ዛፎች የበቀሉበት ግንብም አላት፣ በሮማውያን የትርዒት ሜዳ ቅርጽ የተሠራ ሞላላ አደባባይም አላት። ታሪኳና ጥበቧ ግን ከሲዬና ጋር አይተካከልም። ከፍሎረንስ በባቡር አንድ ሰዓት ከሃያ ገደማ፣ ከፒሳ ግማሽ ሰዓት ነው። የፒሳን ግንብ በመንገድ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል እዩት። ለማደር የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም።

ለጾመኛ አንድ የምሥራች አለኝ። ቶስካና ባቄላና አትክልት የሚወድ አገር ነው። ሪቦሊታ የሚባለው የዳቦ፣ የጎመንና የባቄላ ወጥ አብዛኛውን ጊዜ የጾም ነው፤ አይብ እንዳይነሰነስበትና በሥጋ መረቅ እንዳልተሠራ ጠይቁ። በሉካና በፒሳ ደግሞ ቼቺና የሚባል አለ፤ የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይትና ጨው ብቻ ሆኖ በምድጃ የተጋገረ። ሽሮ ቂጣ ቢሆን ኖሮ ይህን ይመስል ነበር። ፒዛ ማሪናራም አይብ የለውም። ዳቧቸው ግን ጨው የለውም፤ ምግብ ቤቱ ረስቶት እንዳይመስላችሁ።

ቬኒስ፣ ሜስትሬ ወይስ ፓዶቫ?

ቬኒስ ላይ ምክሬ ይገለበጣል። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከድልድዩ ማዶ ሜስትሬ ያድራል፤ በባቡር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። እኔ ግን አንድ ሌሊት እንኳ ቢሆን ደሴቷ ላይ እደሩ እላለሁ።

አሮጌው ከተማ የቀረው ነዋሪ ከ50,000 በታች ነው። ቀን የሚገባው እንግዳ ከዚህ ጋር ሲተያይ ማዕበል ነው። ከ2024 ጀምሮም ከተማዋ ሳያድር ከሚመለስ ጎብኚ በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምራለች፤ በ2025 ዘግይቶ ለሚከፍል 10 ሆኗል። ደሴቷም ላይ ሆነ ሜስትሬ የሚያድር ሰው ይህን አይከፍልም፤ የአዳር ግብሩ በሆቴሉ በኩል ይታሰባል። የቫፖሬቶ ማለትም የሕዝብ ጀልባ ነጠላ ቲኬት 9.50 ዩሮ ነው፣ ለ75 ደቂቃ። ከሜስትሬ እየተመላለሳችሁ የባቡሩንና የጀልባውን ስትደምሩ ያተረፋችሁት ብዙ አይሆንም። ያጣችሁት ደግሞ ምሽቱንና ንጋቱን ነው። ቀን ትከሻ ለትከሻ የሚተሻሹበት የሪያልቶ ድልድይ ንጋት ላይ የዓሣና የአትክልት ነጋዴዎች መተላለፊያ ነው።

ሻንጣ ላይ አስቡበት። እያንዳንዱ ድልድይ ደረጃ ነው፣ መኪና የለም። ሆቴሉን ስትመርጡ ከኮከቡ በፊት ከጣቢያው ወይም ከጀልባው ፌርማታ ስንት ድልድይ እንዳለ ጠይቁ። በመጸውና በፈረንጆቹ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ውሃው ይነሳል። ከ2020 ጀምሮ የሚሠራው የባሕር መዝጊያ ትልልቁን ጎርፍ ይመልሳል፤ ዝቅ ያለው ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ግን በትንሹም ይረጥባል። ቦቲ ጫማ እዚያው ይሸጣል።

ዶጅ ይባል ከነበረው የቬኒስ ገዢ ቤተ መንግሥት ጋር በአንድ ቲኬት የሚገባበት ኮሬር ሙዚየም አለ። ብዙ ሰው ቤተ መንግሥቱን አይቶ ይደክመውና ኮሬርን ይተወዋል። አትተዉት። በዚያ በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ መነኩሴው ፍራ ማውሮ በ1450 ገደማ የሠራው ትልቁ የዓለም ካርታ የዚህ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ያስቀመጠው ዝርዝር በዘመኑ ከነበሩት ካርታዎች ሁሉ የላቀ ነው። መረጃውን ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው ያገኘው። ካርታው ደቡብን ወደ ላይ ስለሚያደርግ አገራችንን ከላይ በኩል ፈልጉ። ከዚያም ግማሽ ክፍለ ዘመን ቀድሞ፣ በ1402፣ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮች ሳይቀር ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። ለሐበሻ መንገደኛ ከጎንዶላው ይልቅ ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ። ጎንዶላው ዋጋው ውድ፣ መንገዱ አጭር ነው።

የቬኒስ አልጋ ፈጽሞ ካልተቻለ ከሜስትሬ ፓዶቫ ይሻላል። በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው። ሜስትሬ ማደሪያ ብቻ ነው፤ ፓዶቫ ግን ራሷ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በ1222 የተቋቋመ፣ ጋሊሊዮ ያስተማረበት ነው። ማታ አደባባዮቿ በተማሪ ይሞላሉ፣ ዋጋውም የተማሪ ነው። ሠዓሊው ጆቶ በ1305 ገደማ የሳለው የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት እዚህ ነው። ያለ ቀጠሮ አይገባም። መጀመሪያ አየሩ እስኪስተካከል አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጧችኋል፣ ቀጥሎ ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ያስገቧችኋል። ሩብ ሰዓቷ ግን ከብዙ ሙዚየም ሙሉ ቀን ትበልጣለች።

ማቴራስ?

ጣሊያንን ለሁለተኛ ጊዜ ለሚያይ ሰው ነው የምላት። በደቡብ በኩል በዋሻ ቤቶቿ የታወቀች ከተማ ናት። በ1952 የወጣ ሕግ በድህነት ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ከዋሻዎቹ አስወጣ፤ በ1993 ዩኔስኮ መዘገባት፤ ዛሬ እነዚያው ዋሻዎች ሆቴል ሆነዋል። ላሊበላን ያየ ሰው እዚህ ያሉትን ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት በሌላ ዓይን ነው የሚያያቸው። የማቴራዎቹ ወደ ገደሉ ጎን የተቆፈሩ ናቸው፤ እንደ ቤተ ጊዮርጊስ በአራቱም ማዕዘን ከአለቱ ተፈልቅቆ የወጣ የለም። የሥዕሎቹ ቅዱሳን ግን ዓይናቸው የሚታወቅ ዓይነት ነው። ዋናው የባቡር መስመር አይደርሳትም፤ ባሪ ከምትባለው ከተማ በትንሽ ባቡር ትሄዳላችሁ። ማደር ግዴታ ነው፣ በቀን ደርሶ መልስ ድካም ነው።

መኪና መከራየት የሚያስቡ ካሉ፣ መኪና ከማይገባባት ቬኒስ በቀር በእነዚህ ከተሞች ሁሉ መሐሉ ለነዋሪ መኪና ብቻ የተፈቀደ ክልል አለው። ካሜራ ያነሳችኋል፣ ቅጣቱም አገራችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ በፖስታ ይመጣል። ባቡር ይሻላል። የፈጣኑ ባቡር ዋጋ እየቀረበ ሲሄድ ስለሚወደድ ቀድሞ ይቆረጣል። የተራው ባቡር ዋጋ አይለወጥም፤ ዕለቱን ይገዛል። የወረቀት ቲኬት ከሆነ ሳትሳፈሩ ጣቢያው ላይ ባለችው ማሽን ምቱት፤ ተቆጣጣሪው «አላወቅኩም» አይሰማም።

ሰባት ሌሊት ቢኖረኝ ሦስቱን ሮም፣ ሁለቱን ሲዬና፣ ሁለቱን ቬኒስ አድር ነበር። ኦርቪዬቶን ከሮም፣ ፍሎረንስን ከሲዬና በቀን። አምስት ብቻ ከሆነ ከሮም አንድ፣ ከሲዬና አንድ ይቀነሳል፤ ቬኒስ አይነካም። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮምም ሚላኖም ስለሚበር፣ መግቢያውን በሮም፣ መመለሻውን በሚላኖ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል። ከቬኒስ ሚላኖ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ወደ ሮም ከመመለስ ያድናል።